«አይነሳም» በሉ

ከድሬዳዋ የወጣሁ ዕለት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ተሰብስቦ ይመርቀኝ ነበር። በሰላም ግቢ፣ አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይሁን፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ አሜን አሜን እያልኩ ጎንበስ ቀና ስል ወገቤ ተቆረጠ። ሻንጣዬ ባጃጅ ላይ ተጭኗል። አዎ፣ አሜሪካ የሄድኩት በባጃጅ ነው፤ እስከ ኤርፖርቱ ድረስ ማለቴ ነው እንጂ። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ የግቢውን በር ተደግፎ ቆሟል። ልስመው ስጠጋ ሁለቱን እጆቼን ጥብቅ አድርጎ ያዘና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አትደርሺም» አለኝ።

እማዬ ወየው ጉዴ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠህ ብላ አማተበች። አንዲት ጎረቤታችን ክፉ እንዳይነካኝ እንትፍ እንትፍ አለችብኝ። እኔ እጄን መንጭቄ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ደሬ እኮ ነው! ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ አዝሎ ያሻገረኝ ሰው ዛሬ አትደርሺም ይበለኝ? ዲቪ ሁለታችንም ሞልተን የደረሰው እኔን ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው፤ ቅናት ነው አለ። እኔም ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም።

አሜሪካ ገብቼ ሻንጣዬ ሲፈተሽ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ፈታሹ ገና ልጅ እግር ነው። በርበሬውን አሸተተ፣ ሽሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ቋንጣዬን «ይህ ሥጋ ነው» ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ያን ጊዜ ከቋንጣዬ ጋር እንደተለያየን ገባኝ። ከዚያ እኔ ራሴ ያላስቀመጥኩትን ነገር ከካልሲ ውስጥ መዘዘ። ካሴት ነው። ላዩ ላይ በደሬ እጅ ጽሑፍ «አትንኩ» ይላል፤ አብረን ያደግንበት ካሴት ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ካሴት ነዋ።»

«ምን አለበት?»

«የኮምፒውተር ጨዋታ» አልኩት።

ውስጡ በሬ አለበት ያልኩት ይመስል ገልበጥ መለስ አድርጎ አየው። አላመነኝም። ፀጉሩ የሸበተ ባልደረባውን ጠርቶ፣ ይህቺ ሴትዮ እዚህ ውስጥ ጌም አለ ትላለች ብሎ ከሰሰኝ። ሰውዬው ካሴቱን በሁለት እጁ ተቀበለና ትዝታ እንደያዘው ሰው ፈገግ ብሎ «አሁንም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንጃ አልኩት። ለልጁ፣ ልክ ነች፣ እኔና ወንድሜም በዚህ ነው ያደግነው አለው፤ እኔን እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ። ቋንጣውን ግን አልመለሱልኝም። በሬዬን አስቀርተው መጫወቻዬን ሰጥተውኝ ገባሁ።

እንኳን ደስ ልሰኝ፣ ይባስ ተናደድኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲቀያየም ዕቃ ይመላለሳል፤ ያዋስከው ድስት እንኳ ታጥቦ ይመጣልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ደሬም የጋራችንን ነገር መለሰልኝ፣ ተፋታን ማለት ነው አልኩ። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ስገባ ካሴቱን ኪችን መሳቢያ ውስጥ ከሹካዎቹ ሥር ወረወርኩት።

ኮሎምበስን የመረጥኩት አብሮ አደጌ እዚያ ስለነበረች ነው። ሚነርቫ ፓርክ አካባቢ አፓርትመንት አገኘችልኝ፣ ዌርሀውስ አስገባችኝ። ሥራ ገና ስለምድ ኮሮና መጣ፤ እንኳን ድሬዳዋ ተመልሼ መሄድ ጎረቤት ቤት መግባትም ቀረ። ዊንተር ሲገባ ደግሞ የቤቴ ሂተር ደከመ። ለአፓርትመንቱ ማናጀር ኮል አደረግኩ፤ ቴርሞሜትር ይዞ መጥቶ መሃል ቤት ተገተረ።

«ስድሳ ስምንት ፋራናይት ነው፣ ኖርማል ነው» አለኝ፤ በእኛ ሃያ ዲግሪ መሆኑ ነው።

«ለማን ነው ኖርማል?»

«ለሰው ነዋ።»

«እኔ እኮ ድሬዳዋ ነኝ» አልኩት።

የበሽታ ስም መስሎት ነው መሰል ስልኩ ላይ ጻፈው። በማግስቱ ቴክስት መጣልኝ፤ ስለ ድሬዳዋ ያቀረቡት ጥያቄ ታይቶ መፍትሔ አግኝቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል። ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንቤ እስኪበቃኝ ሳቅኩ። እኛ አገር በጥር እንኳ ሌሊት ግቢ አልጋ አውጥቶ የሚተኛ ሰው አለ ብላቸው ማን ያምነኛል አቦ።

ቆሜ መዋሉ እግሬን ሲጨርሰው መኪና ገዝቼ ዴሊቨሪ፣ የታዘዘ ዕቃ ቤት ለቤት ማድረስ፣ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው የደሬ ቃል ሙጥኝ ያለችብኝ። በረዶ ላይ ተንሸራትቼ ቦይ ውስጥ ስገባ፣ አትደርሺም። ደብሊን የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር መንገዱ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ይመለሳል፤ ጂፒኤሱ ሲጠፋበት እኔም ስጠፋ፣ አትደርሺም። ትኩሳት ይዞኝ ብቻዬን ስተኛ፣ አትደርሺም። እርግማን የምፈራ ሰው አልነበርኩም፤ ግን ብቸኝነት ሰውን የማያደርገው የለም። እማዬ ጋ በደወልኩ ቁጥር፣ ወንድምሽ ጎኔ ነው፣ ላቅርብልሽ ትለኛለች። እኔ ሺፍት ረፈደብኝ እላለሁ። እሱም አምጪው ብሎ አያውቅም። በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠን እንዲህ ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። እማዬ እያረጀች ነው፤ እሷ ያለፈች ቀን ይህቺ የስልክ ቀጭን ክር ትበጠሳለች፣ ወንድም የሚባል ነገር አይኖረኝም ብዬ ስፈራ ነው የከረምኩት።

በፈረንጆቹ 2021 ሰመር ላይ፣ ቤክስሊ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት የታዘዘ አስቤዛ ይዤ ደረስኩ። ጋራዡ ክፍት ነው። ከውስጡ አንድ ጩኸት ወጣ፤ ጢጢጢ፣ ጭርርር፣ ፍሬን የያዘ ባቡር ዓይነት ጩኸት። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይይዛል። እኔ እንቁላሉንም ወተቱንም መንገዱ ላይ አስቀምጬ ሳላስፈቅድ ሰው ግቢ ገባሁ። ሸምገል ያለ ፈረንጅ ትንሽ ኪቦርድና አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። የቴሌቪዥኑ ዳርና ዳር በቀለም መስመር ይርገበገባል። ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

«እመቤት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ይህን ነገር አውቀዋለሁ» አልኩት።

ስሙ ዋልተር ነው። እኔ ጋሽ ዋልተር ነው የምለው፣ እሱም ማዕረግ መሆኑን ካስረዳሁት ወዲህ ደስ ይለዋል። ጡረታ ሲወጣ ሰው ዓሣ ያጠምዳል፣ እሱ እነዚህን የፈረንጆቹን ሰማንያዎች መጨረሻ የቤት ኮምፒውተሮች ከአውሮፓ እያስመጣ፣ እየጠገነ፣ ጨዋታቸውን ይጫወታል። የት እንዳየሁት ሲጠይቀኝ ስለ ጋሽ ሳልህ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጋሽ ሳልህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ራዲዮ ይጠግን ነበር። ያን ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር የማይመጣ ነገር የለም፤ ሽቶ ይመጣል፣ ጨርቅ ይመጣል፣ አንድ ቀን ይህ ኮምፒውተር መጣ። ራሱም ኪቦርዱም አንድ ላይ ነው፤ ከቴፕና ከቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል። ካሴቱ ሲጮህ ኮምፒውተሩ ጩኸቱን ሰምቶ ጨዋታ ያደርገዋል። ጨዋታው አንድ ሰውዬ ግንብ ለግንብ እየዘለለ፣ የሌሊት ወፍና የብረት ጭራቅ እየተኮሰ፣ እላይ ጫፍ ድረስ የሚወጣበት ነው። የእንግሊዝኛ ስሙን ማንም አላነበበውም። የጋሽ ሳልህ ቴሌቪዥን ቀለሙ ተበላሽቶ ሁሉን ነገር ስለሚያቀላ ቀዩ ሰውዬ አልነው። መንጃ እጀታው፣ ጆይስቲክ የሚሉት፣ መንገድ ላይ ተሰብሮ ስለመጣ የምንጫወተው በኪቦርዱ ነው፤ ተራ ጠባቂው ስለሚበዛም ጋሽ ሳልህ ሁለት ሁለት ልጅ ያስቀምጣል። አንዱ ነጂ ነው፣ ያስኬዳል ያዘልላል። ሌላው ተኳሽ ነው። ደሬ ነጂ፣ እኔ ተኳሽ። ከድሬ ልጆች መካከል ሰውዬውን ከእኛ በላይ ያወጣው አልነበረም፤ ይህን ስናገር እስካሁን አንገቴ ቀና ይላል።

ጋሽ ሳልህ አንድ ሕግ ነበረው። ካሴቱ እየጮኸ ሳለ፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ይጮሃል፣ ማንም ሰው «ሊነሳ ነው» እንዳይል። ዓይን ይበላዋል፤ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ቴፑ ክሩን ያኝካል። ጨዋታው እንዲነሳ የሚፈልግ ሰው «አይነሳም» ነው የሚለው። ተሳስቶ «ሊነሳ ነው» ያለ ልጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ልጅ እጁን አጣምሮ፣ ልቡ እየዘለለ፣ አይነሳም፣ አይነሳም፣ የት ይነሳል እያለ ይጠብቃል። ሲነሳ ታዲያ ከዚራ በጩኸት ይናጋል። ጋሽ ሳልህ ጠቅልሎ ጅቡቲ ሲሄድ ካሴቱን ለእኔና ለደሬ ሰጠን። ኮምፒውተሩ ከእሱ ጋር ሄደ፤ ካሴቱ የእማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ካሴቱ እኔ ጋ መሆኑን ስነግረው ጋሽ ዋልተር ከወንበሩ ተነሳ። ቅዳሜ አምጪው አለኝ። ከሹካዎቹ ሥር አወጣሁት፤ መጀመሪያ የደወልኩት አለቃዬ ጋ ነው፣ ቅዳሜን ኦፍ አደረግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ጋሽ ዋልተር ካሴቱን በጥጥ እየጠረገ ስለ ጨዋታው አሠራር ያጫውተኝ ጀመር። ዛሬ ስልኬ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ በምትይዘው ቦታ ያን ጨዋታ በሙሉ ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች አለኝ። በዚያች ሚጢጢ ቦታ ውስጥ ግንቡን፣ ጭራቁን፣ ዘፈኑን፣ የሰውዬውን አረማመድ የከተተው አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተደነቅኩ። ቀዩ ሰውዬ ቁመቱ ጥፍር አያክልም፤ ግን ዝም ብላችሁ ካቆማችሁት ይሰለቻል፣ እግሩን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል። ያንን ማን አስገድዶት ሠራው? ቦታ የለኝም ብሎ ቢተወው ማን ይወቅሰው ነበር? ጓዳዋ ባዶ ሆኖ ሳለ እንግዳ ሲመጣባት ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ማዕድ የምታቀርብ ባለሙያ ሴት ታውቃላችሁ አይደል? እነዚያ ሰዎች እንደዚያ ናቸው። የዛሬው ጌም ሁሉ ነገር ሞልቶለት ያንን እግር መታ መታ አላየሁበትም።

ለመቀመጥ ሁለተኛ ወንበር ሳብኩ።

«ተኳሽ እኔ ነኝ፣ አንተ ንዳ» አልኩት።

«ይህ እኮ የአንድ ሰው ጨዋታ ነው» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ነው አለኝ። የዚያኑ ጨዋታ መመሪያ ከመደርደሪያው አወጣ፤ እውነትም የአንድ ሰው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሁለት ሰው መስሎኝ፣ እንዴ! ስቄ ስጨርስ ግን ጋሽ ዋልተር አልሳቀም ነበር። ወንበሩን ትንሽ ወደ እኔ አስጠጋና፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ተጫወትኩት» አለ።

ካሴቱን ከተተ። ጩኸቱ ጀመረ፣ ዳርና ዳሩ በቀለም ተርገበገበ። እኔ ሳላስበው፣ እጄን አጣምሬ፣ በአማርኛ፣ «አይነሳም» አልኩ።

ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ግራ ገባው። «አይዞሽ፣ በደንብ እየሠራ ነው፣ ሊነሳ…» ሲል አፉን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። እንዳትል አልኩት። እኛ ጋ በጣም የምትፈልገውን ነገር አይሆንም ትለዋለህ፤ ይሆናል ካልከው ዓይን ያገኘዋል። «አይነሳም» ስንል እባክህ ተነሳ ማለታችን…

ያጣመርኩትን እጄን ፈትቼ አየሁት።

አትደርሺም። ሁለቱን እጆቼን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ አትደርሺም። ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ ትደርሻለሽ፣ ይሳካልሻል፣ ወርቅ ታፍሻለሽ ሲል፣ ያንን ሁሉ ዓይን ያየው ደሬ ብቻ ነበር። ቃሉ እንዲገባኝ ደግሞ አስቀድሞ ካሴቱን ካልሲ ውስጥ ከተተልኝ። ድስት መልሶልኝ አልነበረም። ከጉባኤው ሁሉ መርቆ የሸኘኝ እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ እጄን ነጠቅኩት። እንባዬ ከየት መጣ ሳልል ጉንጬን አጠበው። ጋሽ ዋልተር ቴፑን ላቁመው ወይ አለኝ፤ አታቁመው ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

ኦሃዮ ጠዋት ነው፣ ድሬ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ሰው ግቢ የሚወጣበት ሰዓት። እማዬ አነሳች። ምንም ሳልናገር ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋሁት። ጩኸቱ ባሕሩን ተሻግሮ ግቢያችን ገባ።

«ጽጌ፣ ምንድን ነው ይሄ? ኔትወርኩ ነው?» ትላለች እማዬ።

ከዚያ ከሩቅ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሰንደል ጫማ ሲሮጥ ተሰማ። ስልኩ ከእማዬ እጅ ወጣ። የሰው ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ፤ የማን ትንፋሽ እንደሆነ ማን ይነግረኛል!

«አይነሳም» አለ ደሬ።

«የት ይነሳል» አልኩ እኔ።

ሁለታችንም ጩኸቱን እያዳመጥን ቆየን። ካሴቱ ድሮ ክሩ የታኘከበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተንገዳገደ፤ ደሬም እኔም ጋሽ ዋልተርም ትንፋሻችንን ያዝን። አለፈ። ጩኸቱ ቀጥ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ሙዚቃው ጀመረ።

«ተነሳ!» ብሎ ደሬ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። የሃምሳ ዓመት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ነው እንግዲህ።

ቪዲዮ ከፈትን። ሸብቷል፤ ሳይነግረኝ ሸብቷል። ለካ ቀዩ ሰውዬ ቀይ አይደለም፣ በደህና ቴሌቪዥን ሰማያዊ ነው። ደሬ አላመነም፤ የአንተ ቴሌቪዥን ነው የተበላሸው ብለሽ ጋሽ ዋልተርን ንገሪልኝ አለኝ። ነገርኩት፤ ጋሽ ዋልተርም ይሆናል፣ አስጠግነዋለሁ አለ።

«ካሴቱን አላገኘሽውም ብዬ ነበር» አለኝ ደሬ።

«አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሰው ሲደርስ ደረስኩ አይልም? ስልክሽ በጮኸ ቁጥር አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የምጠብቀው።»

ተቀይሜህ ነበር ማለት አሳፈረኝ። «ደሬ» አልኩት፣ «ደርሻለሁ።»

«እሰይ» አለ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ከኋላው እማዬ ምን አለችህ፣ ምን ሆነች እያለች ትጠይቃለች።

ተጫወትን። ጋሽ ዋልተር መንጃ ቁልፎቹን ያዘ፣ እኔ መተኮሻውን፣ ደሬ ከድሬ ያዝዛል። ኔትወርኩ ይዘገያል፤ «ዝለል» የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰን ሰውዬው ገደል ከገባ በኋላ ነው። አንዴ ወደቀ፣ ደግሞ ወደቀ። ደሬ የዚህ ፈረንጅ እጅ ከባድ ነው ይላል፤ እኔ ትንሽ ለወጥ አድርጌ፣ ወንድሜ ጎበዝ ነህ ይልሃል ብዬ አስተረጉማለሁ። የመጀመሪያውን ግንብ እንኳ አልጨረስንም። ከመጣሁ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከሌለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤክስሊ ነኝ። ለጋሽ ዋልተር ባጊያ፣ ያንን የድሬ የጥራጥሬ ጥብስ፣ ሠርቼለት እሄዳለሁ፤ ዶናት ነው ይላል፣ ዶናት አይደለም እላለሁ፣ ይበላዋል። ቁልፍ ከመንካቱ በፊት እሱም በአማርኛ «አይነሳም» ማለት ለምዷል። ደሬ ሰውዬውን ሁለተኛው ግንብ ድረስ አድርሶታል፤ ጫፍ ለመውጣት ግን አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ያስፈልጋል፣ ይህ በስልክ አይሆንም። ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አናነሳውም።

ዘንድሮ፣ በ2022 መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እማዬ ስልኩን ተቀበለች። አንዴ አይቼሽ ብሞት ምን ነበር አለችኝ። እኔም ሥራው ከፈቀደልኝ፣ ቲኬቱ ከተገኘ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ የሚል ቃል አመለጠኝ። እመጣለሁ ስል ራሴው ደነገጥኩ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ልጅ ሆነብኝ። ደሬ ሰምቷል። ስልኩን ወሰደ፣ ፊቱን በጣም አስጠጋው፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«አትመጪም» አለኝ።

እማዬ ከኋላው ወየው ጉዴ፣ ደግሞ ጀመረህ ብላ አማተበች።

«አሜን» አልኩት።